ግድግዳው ውስጥ የቀረው ብሎን

ኅዳር 4
የግንባታ ዕቃ የምንመረምርበት የራጅ ማሽን ዛሬም ግማሽ ቀን ቆመ። አለቃዬ "ያንቺን ጩኸት ፈርቶ ነው" ይላል። እንዴት አልጮህ? የታናሽ ወንድሜ ዳቦ ቤት አመድ ሆኗል። ሰዉ ደግሞ "ምድጃውን ሳያጠፋ ሄዶ ነው" ይላል። አጥፍቻለሁ ብሎ በእማዬ ምሎልኛል! ካውያዋን ሳትነቅል የሄደችው ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ ናት። ሌላ ማን ይሆናል?

ኅዳር 6
መንገድ ላይ አገኘኋት። አላስቻለኝም... "አንቺ ነሽ ያቃጠልሽን!" አልኳት፣ ሰው ፊት፣ ወንድሜም አጠገቤ ቆሞ። እትዬ ስላት የኖርኩትን ሴትዮ።
"ልጄ፣ የእኔም ሱቅ እኮ ነው የተቃጠለው" ብላ ሄደች። አስመሳይ!

ኅዳር 9
እሳቱ ከየትኛው ወገን እንደተነሳ እንዲመረመር፣ ሁለቱን ሱቆች ከሚለየው ግድግዳ ተበስቶ የወጣው ኮንክሪት መጣ። ክንድ ያህላል። የዳቦ ቤቱ ጎን ቀይ ምልክት አለው። አለቃዬ "ወንድምሽ ስለሆነ ራጁን ብቻ አንሺ፣ ውጤቱን እኔ እጽፋለሁ" አለ። ይሁን። እሳት አብዝቶ የበላው ጎን ውስጡ ስንጥቅጥቅ ይላል። በዓይን አይታይም፣ ራጅ ግን ያወጣዋል። አሁን ጉዷ ፈላ!

ኅዳር 10
ስንጥቁ በቀዩ በኩል ነው። በወንድሜ በኩል!
ምልክቱን ገልብጠውት ነው እንጂ... ግድግዳውን ለበሳው ሰውዬ ደውዬ ልክ ልኩን ነገርኩት። አለቃዬም "ምልክቱ ካጠራጠረ ውጤት አይጻፍም" አለ። ግድግዳው ፈርሷል፣ ሌላ ናሙና የለም። እሰይ።

ኅዳር 11
ምስሉን ደግሜ አየሁት። ስንጥቁ መሐል ነጭ ነገር አለ። ብረት... አንገቱ የተቆረጠ ብሎን።
ወይ ጉድ! የዳቦ መደርደሪያውን ስንሰቅል የተሰበረው ነው። መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ "ተይው፣ ማን ያየዋል" ብሎ በስሚንቶ ደፈነው። በእሱ በኩል።
ምልክቱ አልተገለበጠም።

ኅዳር 12
ወንድሜን አፋጠጥኩት። መጀመሪያ ዓይኑን በጨው አጥቦ ካደ። ከዚያ "ምድጃውን ለጠዋት እንዲሞቅ ብዬ እንደበራ ተውኩት..." አለ።
በእማዬ እኮ ነው የማልከው!
"ስለ ብሎኑ ዝም በይ ብቻ። እህቴ አይደለሽ?"
እህቱ! ሴትየዋን ስሰድብለት ቆሞ ያየ! በጥፊ ባለማለቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ኅዳር 14
ስለ ብሎኑ ለአለቃዬ ተናገርኩ። ውጤቱን ጻፈው። እማዬ "የእናትሽን ልጅ ሸጥሽ" ብላ በሩን ዘጋችብኝ። ትዝጋ።
ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ በእጇ ትሰፋለች።
"እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኳት።
ቀና እንኳ አላለችም። "ስትሰድቢኝ ሰው ፊት ነበር። ይቅርታውንም እዚያው መጥተሽ በይ።"
እውነቷን ነው። ነገ የሰፈሩ ሱቆች ተከፍተው ሰው ሲበዛ እዚያው መንገድ ላይ እሄዳለሁ። ወንድሜንም እየጎተትኩ።