ጉደታ ብረቱን ሲመታ

ቅዳሜ ሐምሌ 24 ቀን 2002 ዓ.ም.
የካ፣ ወንዙ ዳር

ለምትቆጪኝም ለምትናፍቂኝም ልጄ ለማርቲ፣

የጌታ ሰላም ከአንቺም ከባለቤትሽ ከኤልቃናም ጋር ይሁን። የአርባ ምንጭ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እኛ ጋ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ጉልበቴ ደህና ነው፣ ሳሉ ለቆኛል፣ ምግብም እበላለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ቀጥሎ ያለውን ስታነቢ «አባዬ ታሟል» ብለሽ ሻንጣ እንዳታነሺ ነው። አልታመምኩም። ጆሮዬ ነው የከዳኝ።

ከፋሲካ ወዲህ ግራው ጨርሶ ተዘግቷል። ቀኙ ሰው አጠገቤ ቆሞ፣ ፊቱን እያየሁት ጮክ ብሎ ሲናገር ይሰማል፤ ከዚያ ካለፈ ጥጥ እንደተወተፈበት ነው። ስልክ ስትደውዪልኝ «እሺ የኔ ልጅ፣ እሺ፣ እሺ» የምልሽ የምትይው ገብቶኝ አይደለም። የአንቺ ድምፅ መሆኑን ብቻ ነው የማውቀው። ስለዚህ «ለመስከረም መጥተህ እኛ ጋ ልትኖር ቃል ገብተህልኛል፣ ክፍሉንም ቀለም አስቀብተናል» ብለሽ ስትጽፊልኝ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ አፈርኩ። መቼ ነው ቃል የገባሁት? በየትኛው «እሺ» ላይ ይሆን?

በጆሮዬ ምክንያት የምጎዳው እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ ዝም ብዬ አረጅ ነበር። ግን አርባ ቤት ሰው በዚህ ጆሮ ተማምኖ ነው የሚኖረው። ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

እዚህ ሳለሽ ሰው ሲሞት የእድሩን ጥሩምባ ይዤ ሰፈሩን የምዞረው እኔ ነበርኩ። ታፍሪብኝ ነበር፣ አትካጂ። ለጓደኞችሽ «አባቴ ደን ጠባቂ ነው» ትያቸው ነበር። እሱም ውሸት አይደለም፤ ሃያ ሰባት ዓመት እንጦጦን ጠብቄያለሁ። ያንን ተራራ ስለማውቀው ነው ዝናቡ ጠባዩን ቀይሯል የምልሽ። ድሮ ከራጉኤል ጀርባ ይጠቁራል፣ ይነፍሳል፣ ያጉረመርማል፤ ልብስ ከገመድ ላይ ለማንሣት ጊዜ ይሰጣል። አሁን ሳምንት ሙሉ ጠብ ሳይል ይቆይና የሳምንቱን በአንድ ሰዓት ተራራው ላይ ያወርደዋል። እኛ ጋ ፀሐይ ነው። ሕፃናት ወንዙ ዳር ይጫወታሉ። ውሃው ግንድና ድንጋይ እየገፋ ሲደርስ ነው የምናውቀው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ነሐሴ ላይ እንዲህ ሆነ። ጉደታ፣ ያ ድሮ አብሮኝ ደን ይጠብቅ የነበረው፣ ከላይ ቤቱ ሆኖ ወንዙ ሞልቶ ሲወርድ አይቶ በአቋራጭ እየሮጠ ቤቴ ደረሰ። ምን ላድርግ? እጄ ላይ ያለው ጥሩምባ ነው። ነፋሁ። ለሰፈሩ ሰው ግን የዚያ ድምፅ መልእክት አንድ ነው፤ ሰው ሞቷል፣ ኑ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ኮታቸውን ደርበው ወደ እድሩ ቤት ወረዱ። የእድሩ ቤት ደግሞ፣ ታውቂዋለሽ፣ ያ ድንኳኑና ድስቱ የሚቀመጥበት፣ ድልድዩ ሥር ነበር። እኔ «ወደ ላይ! ወደ ላይ ውጡ!» እያልኩ እጮኻለሁ፤ እነሱ «ማነው የሞተው? ኧረ ማነው?» ይሉኛል። የወይዘሮ ደብሪቱ ባል ገብረ ክርስቶስ ለቅሶ ላይ ማንንም አያስቀድምም ነበር። ድንኳን ሊያወጣ ከሁሉ ፊት ገባ፤ ውሃው እዚያው ውስጥ ደረሰበት። ማን ሞተ ብሎ የመጣው ሰውዬ እሱ ሞተ። በማግስቱ ነፋሁለት።

ማንም «ያንተ ጥፋት ነው» አላለኝም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ እድሩ ተሰበሰበ። ከመንግሥት መጥተው ግድግዳችን ላይ ቀይ ቀለም ቀብተው «ተነሡ» ብለውን ነበር፤ ወዴት እንደምንነሣ ሳይነግሩን ቀለሙ ራሱ ለቀቀ። ስለዚህ እኛው ተመካከርን። የእድሩን ዕቃ ወደ ላይ አወጣን። በየግንቦቱ ከየቤቱ አንድ ሰው እየወጣ ቦዩን ይጠርጋል፤ ያልወጣ ቤት የለም። ጉደታ ደጁ ያለው ባሕር ዛፍ ላይ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ሰቀለ፤ ውሃ ሲያይ በመዶሻ ይመታዋል። ድምፁ የሚደርሰው እኔ ቤት ድረስ ነው፤ ከዚያ በታች የወፍጮውና የታክሲው ጫጫታ ይውጠዋል። እኔ ብረቱን ስሰማ እነፋለሁ፣ ሰው ወደ ሚካኤል መንገድ ይወጣል። ሞባይል አትበይኝ፤ ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠፋው ኔትወርክ ነው።

ዳግመኛ ሰው እንዳይሳሳት ደግሞ ጥሩምባው ለሞት መነፋቱ ቀረ። ለቅሶ አሁን በየበሩ እየተንኳኳ ነው የሚነገረው። ወይዘሮ ደብሪቱ ይህን ስትሰማ እሳት ሆነች። «ባሌ ተነፍቶለት ሄደ፤ እኔ እንደ ሌባ ሹልክ ብዬ ልሂድ ነው? ለዚህ ነው ሠላሳ ዓመት እድር የገባሁት?» አለች። ሁለት ዓመት አኩርፋኝ ከረመች። በደጄ ስታልፍ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር።

ነገሩ ግን ሠራ፣ ማርቲ። አምና ሦስት ጊዜ ነፋሁ፣ ሦስት ጊዜም ሰው ጉርሻውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ወጣ። በአንዱ ጊዜ ውሃው እስከ ደጃፍ እንኳ አልመጣም። በከንቱ አስወጣኸን ያለኝ የለም። እስላሙም ክርስቲያኑም ጴንጤውም ጥሩምባውን ሲሰማ አይጠይቅም፣ ይወጣል። እናትሽ በጌታ ካረፈች ወዲህ ጠዋት የሚያስነሣኝ ይኸው ነበር። አባትሽ ሰው የሆነው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ሐምሌ 10 ልምጣ። ቅዳሜ ነበር፣ እንደ ዛሬ። ፀሐይ ወጥታ ደጄ ላይ በርጩማ አውጥቼ ድንች እልጣለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሰላም ነበር፤ ለካ ሰላሙ የጆሮዬ ነው። ቀና ስል ከይሪያ ትሮጣለች። ከይሪያን ታስታውሻታለሽ፣ ሾላ ገበያ ቅመም የምትሸጠው፣ የሹፌሩ የሙዘይን ሚስት፣ የጎን ጎረቤታችን። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ እኔ አይሰማኝም። ዘንቢሏን ጣለችው፣ እርዱ ሁሉ መሬት ላይ ተበተነ። ቤቴ ገብታ ጥሩምባውን ከሚስማሩ ላይ አውርዳ እጄ ላይ አደረገችልኝና ጆሮዬ ሥር ጮኸች። «ጋሼ! ጉደታ እኮ እየመታ ነው! ወላሂ ወፍጮ ቤቱን ካለፍኩ ጀምሮ እየሰማሁት ነው የመጣሁት!»

ነፋሁ። ሳንባዬ እስኪሰነጠቅ ነፋሁ። ወንዙ አፋፍ ላይ የምትኖረው አፀደ ሁለቱን መንታ ሕፃናቷን አንዱን በጀርባዋ አንዱን በብብቷ ይዛ ስትወጣ አየኋት። እግሯ መንገዱን እንደረገጠ የቤቷ የጀርባ ግድግዳ ሄደ። የእድሩ ዳኛ የሀብተወልድ ዶሮዎችም ሄዱ። ሰው ግን አልሄደም፣ ጌታ ይመስገን።

ከይሪያን ሾላ ላይ አንድ ደንበኛ «እስቲ ቀንሺልኝ» ብሎ ጥቂት ቢያቆያት ኖሮስ?

በማግስቱ እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። እኔ ልናገር ቆርጬ ሄድኩ። ገና ስገባ አጨበጨቡልኝ። ሀብተወልድ ጋቢ አለበሰኝ። «የጋሽ ኤጀታ ጆሮ!» አሉ። ጆሮዬን፣ ማርቲ! ከይሪያ ከሴቶቹ መካከል ሆና ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ጉሮሮዬን ጠርጌ ልነሣ ስል ወይዘሮ ደብሪቱ ቀደመችኝ። እሷ ስትናገር መቼም ደንቆሮም ይሰማል። «እኔ ከዛሬ ጀምሮ ኩርፊያዬን ትቻለሁ» አለች። «ስሞት ጥሩምባው ይቅርብኝ። ጋሽ ኤጀታ ብረቱን እየሰማ የልጅ ልጆቼ አልጋቸው ሳይርስ ካደሩ ይበቃኛል።» ከዚያ መጥታ ጉንጬን ሳመችኝ፤ ባሏን ወደ ውሃ የጠራሁትን ሰውዬ። እኔ ምን አልኩ? ጋቢዬን አጣፋሁና ተቀመጥኩ።

ስንወጣ ከይሪያ ያዘችኝ። «ጋሼ፣ እኛ እኮ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደርሶን ሰኞ ሐምሌ 26 እንወጣለን። እስከዚያ ጆሮዎ እሆናለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ማን አለ? እርስዎ ካልተናገሩ እኔ እናገራለሁ፤ ከእርስዎ አፍ ቢወጣ ይሻላል» አለችኝ። ልክ ነች። ልክ በመሆኗም ተናደድኩባት፤ ሁለት ቀን አኮረፍኳት። እሷ ግን ሁለቱንም ቀን ሾርባ ላከችልኝ።

አሁን የተያዝኩበትን ታያለሽ? ብናገር ሰው ጥሩምባውን ይጠራጠራል። የተጠራጠረ ሰው መጀመሪያ በመስኮት ያያል፣ ከዚያ ጫማውን ይፈልጋል፣ ውሃው ደግሞ ጫማ አይጠብቅም። ዝም ብል አንድ ቀን ጉደታ ይመታል፣ እኔ ድንች እልጣለሁ። ወደ አንቺ ብመጣ ጥሩምባውን ለማን ልስጥ? ወጣቱ ሁሉ ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው።

ከሐምሌ 10 ወዲህ ከይሪያ ሾላ ከዋለች ከደጄ ንቅንቅ አልልም። በርጩማዬን ወደ ተራራው አዙሬ የጉደታን ዛፍ ሳይ እውላለሁ፤ ክንዱ ሲነሣ ካየሁ እነፋለሁ ብዬ። ሁለት እሑድ ቸርች አልሄድኩም። ሽንት ቤት እንኳ የምሄደው ሮጬ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ። ጉም ሲወርድ ደግሞ ዛፉም ይጠፋል፣ ያኔ ቁጭ ብዬ ነጭ ነገር አያለሁ። ይህን ደብዳቤም የምጽፍልሽ አንድ መስመር ጽፌ አንዴ ቀና እያልኩ ነው። ደክሞኛል፣ ልጄ። በሰው ፍቅር ታስሬ ደክሞኛል።

ነገ እድሩ ከይሪያን ሊሸኛት ይሰበሰባል። እኔ በአፌ መናገር እንደማልችል ሐምሌ 11 አይቼዋለሁ፤ እንደገና ብቆም እንደገና እቀመጣለሁ። በእጄ ግን ይኸው ጽፌዋለሁ። ስለዚህ ደብዳቤውን አላሽገውም። ነገ ለከይሪያ እሰጣታለሁ፣ ከዳር እስከ ዳር ታነብላቸዋለች፣ ሰኞ ፖስታ ቤት ታስገባልሻለች። አንቺ ጋ ሲደርስ አርባ ቤት ሰምቶታል ማለት ነው። አትቀየሚኝ።

እንግዲህ ሀብተወልድ፣ ወይዘሮ ደብሪቱ፣ አፀደ፣ ሁላችሁም፤ ይህ ሲነበብ አግዳሚው ላይ ጥሩምባውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ይቅር በሉኝ። የምትሉት አይሰማኝም፣ ፊታችሁን ግን አያለሁ። ጥሩምባውን መውሰድ የምትፈልጉ ከሆነ እጃችሁን ዘርጉ፣ እሰጣለሁ። እንድይዘው ከፈለጋችሁ ደግሞ አንድ ሰው ተነሥቶ በቀኜ በኩል ይቁም፤ ጆሮ ይሁነኝ። እስትንፋስ አለኝ። ጋቢውን ግን ውሰዱት፣ የሚገባው ለከይሪያ ነው።

ማርቲዬ፣ ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅ፤ ከላይ የሚመጣውን የሚያይላችሁ፣ ከታች የሚያስነሣችሁ ሰው አያሳጣችሁ። ለኤልቃና ሰላም በይልኝ። ስልክ አትደውዪ፤ ጻፊልኝ።

አባትሽ
ኤጀታ

አንድ ነገር ደግሞ፤ ክፍሉን ቀለም አስቀብተናል ብለሽ ቀለሙን መንገር ረሳሽ። ምን ዓይነት ነው?