እርሳሱ የቆመበት ምዕራፍ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ያ ሲያስቸግርሽ የነበረው ትከሻሽ ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ደህና ነኝ» እያልሽ ስፌትሽ ላይ አቀርቅረሻል? እማዬስ እንዴት ናት? መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች ወይስ አሁንም ትደብቅሻለች? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ የእናንተ ናፍቆት እንጂ ሌላ የሚያመኝ ነገር የለም።

ዛሬ የምጽፍልሽ ዓመት ሙሉ የደበቅኩሽን ነገር ነው። አትደንግጪ፣ ባል አላገባሁም። ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ሳቂ፣ ግድ የለም፤ እኔም መጀመሪያ በራሴ ስቄአለሁ።

አጀማመሬ በስልክ ነበር። ወደ ሥራ የሚወስደኝ አውቶቡስ አርባ ደቂቃ ይፈጃልና መስኮት ጥግ ተቀምጬ በአውራ ጣቴ ፊደል እለቅም ጀመር። ጣቴ ሲዝል ደግሞ ስልኩ የሚናገሩትን ይጽፋል አሉኝና በድምፅ ሞከርኩ። «እህቴ አለቀሰች» ስለው «እህሌ አለቀች» ብሎ ጻፈልኝ። እልህ ይዞኝ እየጮህኩ ደጋገምኩለት። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ቋንቋዬ ባይገባቸውም አዝነውልኝ መሐረብ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ ውስጥ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

ቀጥዬ አሮጌ ላፕቶፕ ገዛሁ። ከምኖርበት ፎቅ ሥር ኮምፒውተር የሚጠግን የእኛው አገር ሰው አለ፤ አፉ እንጂ ልቡ ክፉ አይደለም። እሱ ለደራሲዎች ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም ጫነልኝ። እትዬ፣ የሌለበት ነገር የለም! ለየምዕራፉ ካርድ አለው፤ በታሪኩ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ መዝገብ አለው፤ ዛሬ ስንት ቃል እንደጻፍሽ እየቆጠረ ያሳጣሻል። እኔም ካርዶቹን በቀለም መለየት፣ የፊደል ቅርጽ ማማረጥ፣ የሰዎቼን የጫማ ቁጥር ሳይቀር መመዝገብ ያዝኩ። ሦስት ወር እንዲህ አለፈ።

የምሠራው የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ቤት መሆኑን ታውቂያለሽ። የተኩስ ክፍል ኃላፊያችንን «መቶ አለቃ» ነው የምንላት፤ ተኩስ አይደል የምታዘው! እሷም የእኛው ሰው ናት። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ስለ ፕሮግራሙ ሳወራላት ስትሰማኝ ቆየችና፣ «ለመሆኑ ምዕራፍ አንድ የታለ?» አለችኝ። ገና ነኝ አልኳት። «አንቺ ልጅ፣ ካውያውን ስትወለውዪ አንሶላው ተጨማዶ ቀረ እኮ!» አለችኝ። የዚያኑ ቀን ጠጋኙ ዘንድ ሄጄ፣ ነጭ ገጽና ፊደል ብቻ ያለበት ተራ የመጻፊያ ፕሮግራም አስጫንኩ። «ቤተ መንግሥት ሰጥቼሽ ጎጆ መረጥሽ» ብሎ አጉረመረመ።

በጎጆው ግን ሥራ ተሠራ። በአምስት ወር ውስጥ መቶ አሥር ገጽ ደረስኩ። እሑድ እሑድ ከቤት ንቅንቅ አልልም ነበር። ታዲያ አንዱን እሑድ ላፕቶፑን ስከፍተው ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ታቅፌው ወረድኩ። ጠጋኙ ፈታታው፣ አገላብጦ አየውና፣ «ሌላ ቦታ ያስቀመጥሽው ቅጂ አለ?» አለኝ። የለም አልኩት። ያ ምላሰኛ ሰው ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና ውኃ ቀዳልኝ። ያኔ ነው የጻፍኩት ሁሉ መጥፋቱን ያወቅኩት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ፊደል ማየት አስጠላኝ። መቶ አለቃ ስትሰማ ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ የሥራ ልብሴን በማስቀምጥበት ሳጥን ውስጥ ወፍራም ደብተርና ሁለት እርሳስ አኑራልኝ አገኘሁ። ሽፋኑ ላይ «ይሄ ካልጣልሽው አይጠፋም» ብላ ጽፋበታለች። ካስታወስኩት ተነስቼ እንደገና ጀመርኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ፣ እትዬ። የምጽፈው የሁለት እህቶች ታሪክ ነው፤ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ታላቅየዋ ትምህርቷን ታቆማለች። በላፕቶፑ ስጽፍ «ትምህርት ሰለቻትና ተወችው» ብዬ በአንድ መስመር ነበር ያለፍኩት። በእጄ ስጽፈው ግን «ትምህርት» ከሚለው ቃል በኋላ እርሳሱ ቆመ። የአባዬ ሕመም የጠናበት ሳምንት ድቅን አለብኝ። ከትምህርት ቤት ገብተሽ፣ ዩኒፎርምሽን አውልቀሽ፣ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብለሽ ስፌቱን ስትተረትሪ አየሁሽ። በማግስቱ ለበስኩት፤ ወገቡ ልክክ አለልኝ። እማዬን «ጭንቅላቴ አልቀበል አለኝ» ስትያት በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ውሸት መሆኑን ያን ጊዜም አውቅ ነበር፤ አንደኛ የወጣሽበት ካርድ ትራስሽ ሥር ነበራ። ግን ሁለታችንን ለማስተማር የቤቱ አቅም እንደማይፈቅድ ገብቶኛል፣ ልብሱም አምሮብኛል። ዝም አልኩ። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ዝም እንዳልኩ ነው።

ምዕራፉ ሦስት እሑድ ፈጀብኝ። ካለቀ በኋላ የምጽፍበትን መንገድ ማማረጥ ተውኩ። መጀመሪያ በእርሳስ እጽፋለሁ፣ ከዚያ በተጠገነው ላፕቶፕ እገለብጠዋለሁ፣ ቅጂውን ሁለት ቦታ አስቀምጣለሁ። ጠጋኙም ደረጃው ላይ ባየኝ ቁጥር «ቅጂ!» እያለ ይጮህብኛል።

ምዕራፉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ስምሽን አላነሳሁም፤ እማዬ ከሰማችው ግን ታውቅሻለች። እሷ እስከ ዛሬ ትምህርት የጠላሽ ነው የሚመስላት። በዚህ ዕድሜዋ እውነቱ እንዳይጎዳት እፈራለሁ። ስለዚህ ፍርዱ የአንቺ ነው። እምቢ ካልሽ ገጾቹን አወጣቸዋለሁ፣ ቅሬታም የለኝ። እሺ ካልሽ ግን አንቺው አንብቢላት፤ ከሌላ ሰው አፍ አትስማው። የወሰንሽውን ብትወስኚ ግን ይህን ስሚኝ፤ እህቴ፣ አውቅ ነበር። ይቅር በይኝ።

ባለቤትሽን አክብሬ እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን፣ አክስትሽ በላክሽላት ደብዳቤ ላይ የእጅ ጽሑፍሽን አይታ ቀናች በያት። ቀበጡን ወንድሟን ጉንጩን ቆንጥጪልኝ፤ ትንሿን እስክትስቅ ድረስ ሳሚልኝ። የእማዬን ጉልበት ስመሽ፣ ልጅሽ ጤነኛ ናት፣ እየበላችም ነው በያት። አንቺን ግን በሰው አልስምሽም፤ ስመጣ በራሴ ነው።

ታናሽሽ

ከልብስ ማጠቢያው ቤት ማዶ ካለው ክፍሌ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን