የማኅተሙ ጌታ

ጥቅምት 6
ዛሬ ምንም የለም። ሁለት ክፍለ ጊዜ ሂሳብ፤ አንዱን መምህራችን ስለ ራሱ የልጅነት ጉብዝና አወራበት። ከዚያ አጎቴ ሱቅ። ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ መጽሐፍ ይጠርዛል፣ በትርፍ ጊዜው ደንበኛ ይገሥጻል። ዛሬም አውራ ጣቱን በምላሱ አርጥቦ የአንዱን ደንበኛ ወረቀት ገለጠ፣ ሁለቴ ሳለና "አይሆንም። ገጽ አራት ተገልብጧል፤ አስተካክለህ ተመለስ" አለ። ሰውየው የፈለገው ገጽ አንድን ብቻ ነበር።

እናቴ ዛሬም ስለ ጨዋታችን ጠየቀችኝ። አንዱ ዓለሙን ይተርካል፣ ሌሎቹ እዚያ ዓለም ውስጥ አንዳንድ ሰው ሆነው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፣ ሲያጠራጥር የሚወረወር ባለ ቁጥር ጠጠር፣ ዳይስ፣ ይወስናል አልኳት። ተራኪዋ እኔ ነኝ።
"ታዲያ ማን ያሸንፋል?"
"ማንም።"
"እና ለዚህ ነው ቅዳሜን የምትጨርሱት?"
አዎ... ለዚህ ነው።

ጥቅምት 8
ደላላው ሰሞኑን አንድ የታተመ የጨዋታ ዓለም ተውሶ አመጣ። (ተጫዋች ጓደኛችንን ደላላው ያልነው ከዘንዶ ጋር እንኳ ስለሚደራደር ነው።) ሦስት መቶ ገጽ። ጨረስኩት። አልወደድኩትም። አርባ ግንብ አለ፣ አንድ ሽንት ቤት የለም። ንጉሡ እስከ አምስት ትውልድ የዘር ሐረግ ተጽፎለታል፣ ዳቦ ጋጋሪው ስም እንኳ የለውም። ደግሞ ስድስት መቶ ዓመት የሚኖሩ የጫካ ሰዎች... ስድስት መቶ ዓመት ኖሮ "በእኛ ጊዜ" ሳይል አንድ ዐረፍተ ነገር የሚጨርስ አለ? አጎቴ ገና ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ አልቻለም።

ዓለም ከካርታ አይጀመርም ባይ ነኝ። ማን ምን ይሸጣል፣ ማን ማንን አኩርፏል፣ ከዚያ ነው። እኔ በሠራሁት ከተማ ያለ ማኅተም በር አይከፈትም፣ ያለ ማኅተም ዝናብም አይዘንብም። ክፉው የማኅተሙ ጌታ ነው። አውራ ጣቱን በምላሱ ያረጥባል፣ ሁለቴ ይስላል፣ "አይሆንም" ይላል። እሱን ሆኜ ስስል ጓደኞቼ በሳቅ ይንፈራፈራሉ።

የምንጫወተውስ የት ነው? አጎቴ ሱቅ፣ ከኋላ፣ መጠረዣ ክፍሉ ውስጥ። በመሀላችን አንዲት ስስ በር። እስካሁን አልሰማም። ይመስለኛል...

ጥቅምት 10፣ ቅዳሜ
የሦስተኛው ተጫዋቻችን ቤተሰብ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። ልጁም ከጨዋታው ቀረ። በሁለት ሰው ሲሆን ጨዋታ አይደለም፣ ቃለ መጠይቅ ነው።
አጎቴ በበሩ ብቅ አለ። "ወንበሩ ባዶ ነው አሉ። እኔ ብቀመጥበትስ?"
"ደስ ይለናል ጋሼ" አለ ደላላው። ገደለኝ።

ጥቅምት 13
ክፉው እሱ መሆኑን ቢያውቅስ? ክፍሉን ይነሳናል። ክፍሉስ ይሁን... ይከፋዋል። አባቴ ከሄደ ወዲህ ትምህርት ቤት "ወላጅ አምጪ" ስባል ሱቁን ዘግቶ የሚመጣልኝ ማን ሆነና?

ሕጓን አማከርኳት። (ሌላዋ ተጫዋቻችን ናት፤ የጨዋታውን የሕግ መጽሐፍ በቃሏ ታውቃለች። ከዚያ ውጭ ያለው ሕይወት ብዙም አይገባትም።)
"የክፉውን ሳል ላስቀረው?"
"ስድስት ሳምንት ሲስል የከረመ ሰው ዝም ብሎ አይድንም። መድኃኒት ያስፈልገዋል። መድኃኒቱን ለማግኘት ደግሞ ዳይስ።"
"እየቀለድኩ አይደለም እኮ።"
"እኔስ?"

ጥቅምት 15
ለሙከራ ዳይስ ስድስት ጊዜ ወረወርኩ። አምስቱ ከአራት በታች። ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ ድሮም አልወደውም፤ ጎበዙም ሰነፉም እኩል ይዋረድበታል። ሁለት ባለ ስድስት ገጽ ቢሆን መሀል መሀሉን ያመጣ ነበር፣ ሰውም ችሎታውን ይመስል ነበር። ግን ዳይስ ስለ ቅዳሜ ምን ያውቃል?... ምንም።

ጥቅምት 17፣ ቅዳሜ
አጎቴ ተቀመጠ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ሲፈልግ አምስት ደቂቃ። ጎራዴ ያዥ፣ አስማተኛ፣ ምናምን ብለን ብናስመርጠው "ወረቀት አመላላሽ ልሁን" አለ። የመጀመሪያ ጥያቄው፦ "ይቺ ከተማ ሽንት ቤቷ በየት በኩል ነው?" ለካ እኔም አልሠራሁም።

ክፉው ዛሬ ይገባ ነበር። አላስገባሁትም። ድልድይ ሰበርኩ፣ በግ አስጠፋሁ፣ ስለ በጉ ባለቤት ትዳር ግማሽ ሰዓት ተረክሁ። ደህና እየሄደ ነበር... አጎቴን የወረቀት ብናኝ ያዘውና ሁለቴ ሳለ። ደላላው ሳያስበው ውሃ እያቀበለው "ይጠጡ፣ የማኅተሙ ጌታ" አለ።


"ማነው እሱ?" አለ አጎቴ።
"ክፉው ነው" አለች ሕጓ። መዋሸት አታውቅም።
"ምን ያደርጋል?"
"ይስላል፤ ይከለክላል።"
"ሌላስ?"
ሁለቱም እኔን አዩኝ። ሌላ... አልጻፍኩለትም።
አጎቴ ውሃውን ጨርሶ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "በጉስ ተገኘ?" አለ።

ጥቅምት 20
 ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሱቅ ስገባ ሳል ሲመጣበት አፉን በመሀረብ አፍኖ ወደ ጓሮ ይወጣል። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ይመለሳል።

አንዲት ሴት ሰነድ ለማስጠረዝ መጣች። ገጽ ስድስት ተገልብጧል። አየው፤ እርግጠኛ ነኝ አይቶታል። ዝም ብሎ ጠረዘላት። ሮጬ መንገድ ላይ ደረስኩባትና ነገርኳት።
"ምነው እሳቸው ሳይነግሩኝ?" አለች። "አንድ ነገር አያመልጣቸውም ብዬ እኮ ነው ሦስት ሱቅ አልፌ እዚህ የምመጣው።"


ጥቅምት 24፣ ቅዳሜ
ክፉው ገባ። ከዚህ በላይ በግ ማስጠፋት አይቻልም። ደላላውና ሕጓ ሊገድሉት ተሰናድተዋል። አጎቴ ግን "ወረቀት አመላላሹ ገብቶ ሰላም ይላል" አለ። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፦ "ጌታዬ፣ ይሄን ሁሉ ወረቀት ብቻዎን ነው የሚያነቡት?"

መልሱን የምሰጠው እኔ ነኝ። በክፉው ድምፅ። ያ ድምፅ ደግሞ የማን ነው? በራሴ ድምፅ "አዎ" አልኩ።
"ለምን?"
"አላውቅም።"
ተራኪ አላውቅም አይልም። ሕጓ መጽሐፉን ማገላበጥ ጀመረች።
"እሺ" አለ አጎቴ። "የሚመጣው ቅዳሜ እኔ ልተርክ?"

ኅዳር 1፣ ቅዳሜ
ራሱ የጠረዘውን ደብተር ይዞ መጣ። የገጽ ቁጥር ሁሉ አለው። የሱ ዓለም አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ሱቅ፣ እያንዳንዱ ኩርፊያ ተጽፏል። ከኔ ይበልጣል። ተናድጃለሁ።

ክፉዋ ፎቅ ላይ፣ መስኮት አጠገብ የምትቀመጥ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። የሰው አረማመድ ትጽፋለች፣ የሰው ሳል ትጽፋለች፤ የተጻፈው ሰው ከዚያች ከተጻፈችው በቀር ሌላው ነገሩ ሁሉ ይጠፋል። አንድ ጎረቤቷ ሳል ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ደላላው ሳቀ። ከዚያ እኔን አየና ተወው።

በጨዋታው ወደ ክፉዋ ደረጃውን ወጣሁ።
"ደረስሽ" አለ አጎቴ። "ምን ትያታለሽ?"
"ሰውየውን አጉድለሽ ነው የጻፍሽው። ወረቀቱን የሚመልሰው... ሰው በኋላ እንዳይቸገር ብሎ ነው።"
"ወርውሪ።"
ከሃያ፣ አራት።
"አልሰማችሽም።" ፊቱ ላይ ምንም የለም።
ዳይሱን ወደ ጎን አደረግኩት። "ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅርታ።"
"ይሄን የምትዪው ጨዋታው ውስጥ ሆነሽ ነው፣ ውጭ?"
"ውጭ።"
 "ለሱ እንግዲህ ዳይስ አያስፈልግም" አለና ወደ ደላላው ዞረ። "አንተ ደጁ ላይ ቆመሃል። ምን ታደርጋለህ?"