በደረጃችን ላይ ስለ ፈሰሰው ውሃና ስለማይደወለው ስልክ

ለተከበሩ ዶክተር አሴን ቱርላኮቭ፣
የከተማችን ታሪክ ሙዚየም ዋና ዳይሬክተር

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ይህ ደብዳቤ እርስዎንም፣ ውድ ቤተሰብዎንም፣ በቢሮዎ መስኮት ላይ የተደረደሩትን አበቦችም በፍጹም ጤንነት እንደሚያገኛችሁ ተስፋዬ ነው። ስለ እኛ ከጠየቁ፣ አለመጠየቅዎን ባውቅም፣ ከአንድ እግር በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ምናልባት ዘንግተውኝ ከሆነ ላስታውስዎ። ስሜ ኦግንያን ቡርዛኮቭ ይባላል። ትምህርት ቤታችን ተማሪ አጥቶ እስኪዘጋ ድረስ የታሪክ መምህር ነበርኩ። ቼሪ በሚበስልበት ሰሞን ለቅርስ ጠባቂነትና ለአስጎብኚነት ባወጡት አንድ የሥራ ቦታ ተወዳድሬ፣ ከጠረጴዛዎ ፊት ለፊት በምትወዛወዘው ወንበር ላይ ለቃለ መጠይቅ ተቀምጬ ነበር። ዛሬ ቼሪው ተበልቶ፣ አፕሪኮቱ ተቀቅሎ በማሰሮ ተከድኖ፣ ከተማው ሁሉ በየበረንዳው ቃሪያ እየጠበሰ ነው። የእኔ ጉዳይ ብቻ ገና አልበሰለም።

በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። የታሸገውን ደብዳቤ አስቀድሜ ለጸሐፊዎ ለወይዘሮ ኢስክራ በእጄ አስረክቤ ነበር። እሳቸውም በሁለት እጃቸው ተቀብለው እንደ ቅዱስ አጽም በመሳቢያ ውስጥ በክብር አኖሩት። ሙዚየም የተቀበለውን ነገር ለመጪው ትውልድ ማቆየቱ ተገቢ ስለሆነ አልተከፋሁም። ሆኖም እኔ ከመጪው ትውልድ ስላልሆንኩ በከተማችን ጋዜጣ በኩል መምጣትን መረጥኩ። አቤቱታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን እንደሚከተለው በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩. «መልሱ ያም ሆነ ይህ እንደውልልዎታለን» ስላሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እናቴ ወይዘሮ ራይና የዶክተር ቃል አይታጠፍም ብላ የምታምን ሴት ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታችን ስልክ ማውራት ክልክል ነው። ቪዲን ከተማ የምትኖረው እህቷ «ምን አስቀየምኩሽ?» ብላ በጎረቤት በኩል አስጠይቃለች። እኔም ስልኬን በላስቲክ ጠቅልዬ መታጠቢያ ቤት ይዤ መግባትን ተምሬያለሁ። ይህን ሁሉ ንቃት ያገኘነው ከእርስዎ አንድ ዓረፍተ ነገር ነውና ውለታዎ አይረሳም።

፪. ሥራ ያገኘ ሰው የሕንፃውን ነዋሪ ሁሉ በጣፋጭ ማስተናገዱ ግዴታው መሆኑን ያውቃሉ። እናቴ ቸኮሌቱን የገዛችው ገና ቃለ መጠይቁ ዕለት ነው። በበጋው ሙቀት ቀልጦ፣ ቀዝቅዞ፣ እንደገና ቀልጦ፣ አሁን አንድ ወጥ ነገር ሆኗል። ከሮማውያን ዘመን የተገኘ ነው ቢባል በእርስዎ ሙዚየም የመስታወት ሣጥን ውስጥ የሚጠረጥረው ጎብኚ አይኖርም። ጎረቤቶቼ በደረጃው ላይ ሲያገኙኝ «ኦግንያን፣ ቸኮሌቱስ?» ይሉኛል፤ «እየመጣ ነው» እላለሁ። «ከስዊዘርላንድ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?» ይላሉ።

፫. ወይዘሮ ኢስክራ በስልክ ስላሳዩኝ መስተንግዶም እንዲሁ አመሰግናለሁ። «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» አሉኝ። «ሂደቱ የት ደረሰ?» ብዬ ብጠይቅ «እየሄደ ነዋ፣ ጌታዬ» አሉኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ስደውል ድምፄን ገና ሲሰሙ «እየሄደ ነው» ብለው ዘጉት። አጭር፣ ግልጽ፣ የመንግሥትን ጊዜ የማያባክን።

፬. አራተኛውን እንዳለፉት አሳጥሬ ላቀርበው ሞክሬ አልሆነልኝምና ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

እርስዎም የዶክትሬት ጽሑፍዎን ሊከላከሉ ከቤት ሲወጡ፣ ነገርዎ ሁሉ እንደ ውሃ ሳይደናቀፍ እንዲፈስልዎት ወላጅ እናትዎ ደጃፉ ላይ ውሃ ሳያፈሱልዎት አልቀሩም። የሁላችንም እናቶች እንዲህ ያደርጋሉ። ለልማዱ አንድ ብርጭቆ ይበቃል። እናቴ ግን «ብርጭቆ ለፈተና ነው፤ በዚህ ዘመን ለሚገኝ ሥራ ባልዲ ያስፈልጋል» ብላ፣ እኔ ከቤት ስወጣ ሙሉ ባልዲ ውሃ ከሁለተኛው ፎቅ ደጃፋችን ወደ ታች ለቀቀችው። ደረጃችን የሰው እግር ያለሰለሰው የቴራዞ ድንጋይ ንጣፍ ነው። እኔ ከውሃው ፊት ፊት ወረድኩ፤ ጫማዬ እንኳ አልረጠበም።

ከእኛ በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ሜቶዲ ግሪንቻሮቭ ይኖራል። በዚያው በተዘጋው ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር የነበረ፣ ለዚያው ለአንዱ ቦታ የተወዳደረ፣ በዚያው ጠዋት ከእኔ ቀጥሎ ለቃለ መጠይቅ የተጠራ ሰው ነው። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ የምስክር ወረቀቱን በብብቱ ይዞ ሲወርድ ከእናቴ ምርቃት ጋር ተገናኘ። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ።

እናቴ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አስደግፋ፣ ራኪያ የምንለውን አረቄያችንን መጀመሪያ በውጭ ቀባችው፣ ቀጥሎ በውስጥ አጠጣችው። እየጮኸች ታለቅስ የነበረችው እሷ ናት። እሱማ «እማማ ራይና፣ ተይ አታልቅሺ። ዕድሉ ደህና እየፈሰሰ ነበር፤ መንገድ ላይ የቆምኩበት እኔ ነኝ» ይላት ነበር አሉ።

አሉ የምለው እኔ ስላልነበርኩ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት እርስዎ ዘንድ ነበርኩ። የጠየቁኝን ሁሉ መልሼ ስጨርስ የግድግዳውን ሰዓት አይተው ቅንድብዎን ሰብሰብ አድርገው፣ «ቀጣዩ ተወዳዳሪ ጎረቤትዎ ነው አይደል? ሰዓት የማክበር ልማድ አለው?» ብለው ጠየቁኝ።

ዶክተር፣ ሜቶዲ የዳኑብ ወንዝ ሞልቶ መንገዱን በዘጋበት ዓመት እንኳ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ከደወሉ በፊት ክፍል የገባ ሰው ነው። ይህን አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ በዚያን ቀን ቤቴ የቀረሁት። ለእርስዎ ጥያቄ ግን አፌን አልከፈትኩም። ትከሻዬን ትንሽ ከፍ አደረግሁ፣ ዝቅ አደረግሁ። ፈገግም ያልኩ ይመስለኛል። እርስዎ በወረቀትዎ ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ያን ቀን ግን አንድ ነገር እንደገባ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ከፍ ያለች ትከሻ ግን በአደባባይ ዝቅ ልትል ትችል እንደሆነ ብዬ ነው ይህን የምጽፍልዎት።

፬ (ይቀጥላል)። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ዳቦውንና ጋዜጣውን ይዤለት እወጣለሁ። እግሩን ከነጄሶው ወንበር ላይ ዘርግቶ፣ ቼዙን ደርድሮ ይጠብቀኛል። ከሰላምታ በፊት «ደወሉ?» ይላል። «አልደወሉም» እላለሁ። «ይደውላሉ፣ ወንድሜ። አንተን ያልወሰዱ ማንን ሊወስዱ ነው?» ይለኛል። በዕድሜዬ ብዙ ተሰድቤአለሁ፤ እንደዚህ ያለ ስድብ ግን ሰምቼ አላውቅም።

እሱም ከሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ ለቢሮዎ ደውሎ ነበር። ወይዘሮ ኢስክራ «አልተገኙም ተብሎ ተጽፏል፤ ለማንኛውም እናሳውቅዎታለን» አሉት። ስለዚህ እሱም ይጠብቃል። ፕሎቭዲቭ ከተማ ያለችው እህቱ በአንድ መጋዘን ሥራ አግኝታለታለች። ጄሶው ሲወልቅ እንዲመጣ፣ ካልመጣም ቦታውን ለሌላ እንደሚሰጡት ነግራዋለች። እሱ ግን «መልስ ሳልሰማ እንዴት እሄዳለሁ? ደውለው ቢያጡኝ ነውር አይደለም?» ይላታል። እንግዲህ በዚህ ከተማ ስለ እርስዎ ክብር የሚጨነቅ ሰው እንዳለ ይወቁት። እሱ የሄደ ዕለት ከእኛ በላይ መብራት የሚበራበት ቤት አይኖርም። እኔም ቼዝ የምጫወተው ከእናቴ ጋር ይሆናል፤ እሷ ደግሞ ወታደሮቹ ስለሚያሳዝኗት ማንንም አታስበላም።

እናቴም እንደ በፊቱ አይደለችም። አበቦቿን በማንኪያ ነው የምታጠጣው። ደረጃውን ሌላው ሰው ሳይነሳ በጨርቅ እስኪደርቅ ትወለውላለች። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሁለት ሻማ ታበራለች፤ አንዱ ሥራውን እኔ እንዳገኝ፣ ሌላው ሜቶዲ እንዲያገኝ። ስለ አንድ ወንበር የሚከራከሩ ሁለት ሻማዎች ፊቱ ሲቆሙበት ቅዱስ ኒኮላስ ምን እንደሚወስን አላውቅም። እስካሁን እሱም እንደ እርስዎ ዝም ብሏል።

፭. ልመናዬ አጭር ነው። በዚያ ጠዋት ትከሻዬ የሰጠችው ምስክርነት ሐሰት ስለነበር ከመዝገብዎ ይፋቅልኝ። «አልተገኙም» የሚለውም «ከሌላው ተወዳዳሪ እናት የተነሣ በደረጃ ላይ ተገኝተዋል» በሚል ይስተካከል። ሜቶዲም ይጠየቅ። ሁለት ፎቅ ወደ ቢሮዎ መውጣት አይችልም፤ ነገር ግን የሮማውያኑ ድንጋዮች ያሉበት አዳራሽ ምድር ላይ ስለሆነ በክራንች ይደርሳል። ወንበር ከጠፋ ጎብኚዎች ሁሉ እንደሚያደርጉት እዚያው ባለው የሮማውያን የድንጋይ ሬሳ ሣጥን ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ ተቃውሞ አያውቅም።

እንዳይሳሳቱ ግን፣ ሥራውን እፈልገዋለሁ። ቅዱስ አይደለሁም፤ ሌሊት ሌሊት በሕልሜ ጎብኚ አስጎበኛለሁ። እሱን ሰምተው እኔን ከመረጡ፣ ደረጃውን ወጥቼ ፊቱን እያየሁ እነግረዋለሁ። እሱን ከመረጡ በየጠዋቱ እስከ ሙዚየሙ በር ደግፌ አደርሰዋለሁ። ሳይሰሙት እኔን ከመረጡኝ ግን፣ ያን ደረጃ በየቀኑ በምን ዓይን እንደምወጣ አላውቅም።

ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣው ከመስጠቴ በፊት ለሜቶዲ አነበብኩለት፤ ከሌላ ሰው እንዲሰማው አልፈለግሁም። ስለ ትከሻዬ የሚለው ላይ ስደርስ የቼዙን ፈረስ አንሥቶ በእጁ ያዘው፤ የሚያስቀምጥበት የጠፋው ይመስል ነበር። «በል ቀጥል» አለኝ፣ ቀና ሳይል። ስጨርስ ፈረሱን መልሶ በቦታው አኖረው።

«ልሰርዘው?» አልኩት።

«አትሰርዘው። ይልቅ ጨምርበት» አለ። «የዚያን ቀን እንኳ ዘግይቼ ነበር። ሸሚዙን ሁለቴ ተኮስኩት። ብዘገይ ነው እኮ እየሮጥኩ የወረድኩት።»

ይህን ስለ እውነት ይበለው ስለ እኔ አልጠየቅሁትም። ቀጥሎ «ያን ቸኮሌት ደግሞ አምጣው፤ ሥራው የማንም ይሁን የማን አርጅቷል» አለ። አምጥቼ በቢላ ሰባብረን በላነው። የካርቶን ማሸጊያው ጣዕም ነበረው። በማግስቱ ዳቦውን ይዤ ስወጣ ቼዙ እንደ ወትሮው ተደርድሮ ነበር፤ «እንደምን አደርክ» አለኝ። «ደወሉ?» አላለም። ከዚያ በኋላም ጠይቆኝ አያውቅም። ያን ጥያቄ ስሸሸው እንዳልከረምኩ፣ አሁን ደረጃውን ስወጣ በየጠዋቱ እጠብቀዋለሁ።

ስለዚህ ዶክተር፣ ከሁለታችን ለአንዳችን ይደውሉ። መጀመሪያ ለእሱ ቢሆን ደስ ይለኛል።

እጅግ የከበረ ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለሙዚየሙ ረጅም ዕድሜ፣ ለመሳቢያዎቹ ስፋት፣ ለወይዘሮ ኢስክራ ሂደት መልካም ጉዞ እየተመኘሁ፣ ስልኬን በእጄ እንደያዝኩ እሰናበትዎታለሁ።

የዝምታዎ ታማኝ አድማጭ፣
ኦግንያን ቡርዛኮቭ
ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረቀው ደረጃ በስተግራ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናቴ ጉዳዩ የቆመው ዕድሉ ስለደረቀ ነው ብላ ደምድማለች። ስለዚህ ከዚያ ጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ባልዲዋን ከጓዳ አውጥታ አጥባለች። የፊታችን ሰኞ ጠዋት፣ መልስዎ ሳይደናቀፍ እንዲፈስልዎት፣ በሙዚየሙ ዋና መግቢያ ከላይኛው ደረጃ ጀምራ ለእርስዎ በስምዎ ልታፈስልዎት ወስናለች። ብለምናትም እምቢ ብላኛለች። የእርስዎ ደረጃ እብነ በረድ መሆኑን አስታውሳለሁ፤ በዚያ ቀን የጎማ ሶል ያለው ጫማ ቢያደርጉ መልካም ነው። አይምጣብዎት እንጂ አንድ ነገር ቢሆኑ ግን አይስጉ፤ አልተገኙም ተብሎ ይመዘገባል፣ ለማንኛውም እናሳውቅዎታለን።