ባቡር ይዞኝ ነው

አቦ ሙክታር፣

በዚች የአላባማ ከተማ የብረት ማቅለጫው ከተዘጋ ቆየ፤ የጭነት ባቡሩ ግን ዛሬም መንገዳችን ላይ ይገተራል። "ባቡር ይዞኝ ነው" ያለን ሰው ማንም አይወቅስም።

ቅዳሜ ጎረቤቴን ኦዴሳን በሠርጓ ቀን ከነቬሎዋ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ አስቀራት። በፉርጎው ሥር ልትሾልክ ስትል፣ ድሮ ፉርጎ ከፉርጎ ሲያያይዙ ጣቶቻቸውን ያጡት አባቷ በዚያው እጃቸው ያዟት።

"አርፈሽ ቁሚ! ባል ይጠብቃል፤ ይሄ አይጠብቅም!"

ባቡሩ ሲያልፍ ሙሽራው፣ ፓስተሩ፣ ታዳሚው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ሐዲዱ ዳር ቆመው ይጠብቋታል። እዚያው ተጋቡ! ድሬ ቢሆን ነጂው ላይ የስድብ መዓት እናወርድበት ነበር።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀ። እናትህን ሳምልኝ። እህትህ ዘሃራ አሁንም የምትጠብቀኝ ከሆነ፣ ባቡር ይዞት ነው በልልኝ።

ኢድሪስ