ፊርማህ ያለበት ወረቀት

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ከማክሰኞ ጀምሮ ስልክህን አታነሳም። ሁለቴ ቤትህ መጥቼ ሚስትህ «አልገባም» ብላ ከበር መለሰችኝ፤ ጫማህ ግን ደጃፉ ላይ ነበር። ፊቴን ማየት ካስጠላህ እንግዲህ ጽሑፌን አንብብ። እኔም ብሆን ፊትህ ስቆም ምላሴ ይተሳሰራል። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያበላኸኝም፣ ፊደል ያስቆጠርከኝም አንተ ስለሆንክ አንተ ላይ አፌን መክፈት አልለመድኩም።

ነገሩ የተጀመረው ጋሽ ፍሬን ቤት ነው። ይህን ስም ያወጣህላቸው አንተው ነህ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸውና ስብከትህ ሲረዝም በቀኝ እግራቸው ወለሉን ረገጥ ያደርጉ ነበር፤ አንተም ከመድረክ ላይ «ፍሬን ተያዘብኝ» ብለህ ታስቀን ነበር። ጉበታቸው አልድን ብሎ ሐኪሞቹ ወደ ቤት ሲመልሷቸው ከሽማግሌዎቹ ጋር ልንጸልይላቸው ሄድን። እጅህን ደረታቸው ላይ ጭነህ ጮኽክ፣ ላብህ ተንጠባጠበ። ምንም ለውጥ ሲጠፋ ደግሞ፣

«ጋሼ፣ እምነትዎ ሙሉ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ በእግርዎ ቆመው ነበር። እግዚአብሔር ፊቱን ያዞረብዎ በራስዎ ነገር ነው» አልካቸው።

ከሁሉ ቀድሜ፣ ድምፄን ከሁሉ ከፍ አድርጌ «አሜን» ያልኩት እኔ ነኝ። ያልኩትም አምኜበት ሳይሆን አንተ ስለተናገርከው ብቻ ነው። ይህን እስከዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ አፍሬበታለሁ።

በሳምንቱ ሚስታቸው እኔ የምሠራበት ማተሚያ ቤት፣ ጥረዛ ክፍሉ ድረስ መጡ። እጄ ሙጫ በሙጫ ስለነበር ልጨብጣቸው እንኳ አልቻልኩም።

«ልጄ፣ መሞቱን እንኳ ለምደውት ነበር» አሉኝ። «አሁን ግን ‹ሳላምን ነው እንዴ የኖርኩት? ሄጄስ ማን ፊት ልቆም ነው?› እያሉ ሲቃትቱ ይውላሉ። እህል አይቀምሱም። እባክሽ የሆነ ነገር በይ።»

ምን ልበል? እኔ ጠራዥ ነኝ። ያኔ ትዝ ያለኝ የእምነት መግለጫው መጽሐፍ ነው። ልጆች ሳለን ለመቁረብ በተማርነው የማረጋገጫ ትምህርት ጊዜ፣ የሉተራን እምነት አባቶች በነገሥታት ፊት ቆመው «የምናምነው ይህንን ነው፤ ከዚህ ንቅንቅ አንልም» ያሉበት ነው ብለህ ያስተማርከን። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የቄሶች ልብስ መቀየሪያው ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ፈለግሁት፣ የለም። ዘበኛው ሳቀብኝ።

«ያ ወፍራሙ? ድምፅ ማጉያው እየተወላገደ ሲያስቸግረን ሥሩ ከተነው እኮ!»

እውነትም እዚያው ነበር። ጀርባው ተገንጥሏል፣ ስፌቱ ላልቷል።

ወደ ሥራ ወስጄ በምሳ ሰዓት ልጠርዘው ፈታሁት። የመጨረሻው ወረቀት ብቻውን ተነጥሎ እጄ ላይ ቀረ። ቄሶቻችን ሁሉ በተሾሙበት ቀን «በዚህ እምነት አስተምራለሁ» ብለው የሚፈርሙበት ወረቀት። ከስድስቱ ፊርማዎች የመጨረሻው ያንተ ነው። ያን ቀን ቀለሙ ስለፈሰሰ ከሁሉም ፊርማ ያስታውቃል።

ሚስታቸው ለሽማግሌዎቹም ነግረው ኖሮ፣ መጽሐፉን ያንተ ነገር ለሚታይበት የእሁድ ጉባኤ እንዳደርስ ታዝዤ ነበር። እንግዲህ ልናዘዝልህ፤ ወረቀቱን ልጥለው አስቤ ነበር። እሱ ከሌለ ማን «ፈርመሃል» ይልሃል? የቆሻሻ ቅርጫቱ እግሬ ሥር ነበር። የምሳ ሰዓቱ እስኪያልቅ እሱንና ወረቀቱን ሳይ ቆየሁ። ከዚያ መርፌዬን አንስቼ በድርብ ክር ሰፋሁት።

ሰኞ ቢሮህ ይዤልህ ስመጣ የሆነውን ታውቀዋለህ።

«ወረቀት ነው» አልከኝ። «መንፈስ ቅዱስ በወረቀት አይታሰርም።»

«እሱን ማን አሰረው? በገዛ ፈቃድህ የታሰርከው አንተ ነህ።»

«ኧረ! አንቺ ደግሞ መቼ ነው መምህሬ የሆንሽው? እኔ እኮ ነኝ ያሳደግኩሽ!»

«አልረሳሁትም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ለይልኝ። ከእኔ ጋር ነሽ ወይስ ከመጽሐፉ?»

በሩን በላዬ ላይ ዘግተህ ወጣህ።

መልሴን አሁን ልስጥህ። ምንጩ የእግዚአብሔር ቃል ነው፤ መግለጫዎቹ ምንጩ እንዳይደፈርስ የታጠረ አጥር ናቸው፤ ይህን ከአንተው ነው የተማርኩት። አጥሩ የሚያስፈልገው ደግሞ ሊጠጣ ለመጣው ምስኪን ነው። አጥሩ ጋሽ ፍሬንን ከማን ሊያስጥላቸው እንደሆነ ሳስብ ካንተና ከእኔ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ከመጽሐፉ ጋር ነኝ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሄጄ አነበብኩላቸው። ሰው በእግዚአብሔር ፊት የሚጸድቀው በሥራው ብዛት ወይም በእምነቱ ጉልበት ሳይሆን በክርስቶስ ምክንያት፣ እንዲያው በጸጋ መሆኑን የሚናገረውን ክፍል፣ ቀስ ብዬ፣ ሁለቴ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ደስ ይላል» አሉ። «ግን ልጄ፣ አንቺ አዝነሽልኝ ይሆናል። የፈረደብኝ እሱ ነው። ከእሱ አፍ ልስማው።»

«ሌላ ቄስ ላምጣልዎት?»

«መንገድ የዘጋ መኪና ራሱ ካልተነሳ ማንም አያልፍም» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ ቢታሹት አይድንም ይባላል። ወለም ያለው ያንተ አፍ ሆኖ ሳለ ሕመሙ የሳቸው ሆነ። የምትከታተላቸው ነርስ ስትሸኘኝ «ለሳቸው እሁድ ሩቅ ነው» አለችኝ። ዛሬ ሐሙስ ነው።

ወንድም ጋሼ፣ ስብከት አልጠየቅኩህም። ዛሬ ሂድላቸው። ኩራትህ አፍህን ከያዘው፣ ወይም አንተም ራስህ ማመን ካቃተህ፣ ከራስህ ምንም አትናገር፤ መጽሐፉን አልጋቸው አጠገብ ትቼዋለሁና አንብብላቸው ብቻ። የተጻፈውስ ለዚህ አይደል? የእኛ ልብ በደከመ ቀን፣ አፋችን በሳተ ቀን እንዲናገርልን ነው። ይህን ደብዳቤ ሳትጨርስ ብትነሳም አይከፋኝም።

እሁድ ጉባኤው ፊት ቆሜ እከስሃለሁ። ብትሄድም ባትሄድም አልቀርም። ዛሬ ግን እግርህ ላይ ወድቄ እለምንሃለሁ። ሁለቱንም የማደርገው እህትህ ስለሆንኩ ነው።

ያሳደግካት ታናሽህ