የንጉሡ አፍንጫ ያንተ ነው

ውድ ሊሳኒያስ፣

በግዛታችን ብር ሁሉ ላይ ለተሾመው አፍንጫህ በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረሰው። ጥፋቱ የኔ ነው።

አሮጌው ንጉሥ መልኩን እንድትቀርጽለት ከተራራው ማዶ ሲያስጠራህ «ሁለት ወር ነው» ብለኸኝ ሄድክ። ሦስተኛው ክረምት ገባ። ንጉሡ ሞተ፣ ሌላ ነገሠ፣ ያንተ ግን ወሬም የለም። የአዲሱን ንጉሥ ፊት ቅረጹ የሚል ትእዛዝ እዚህ ታክሲላ ሲደርስ የሳንቲም ማተሚያ ቤቱ ውስጥ የቀረሁት ቀራጭ እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ደግሞ ከሳንቲሙ ጀርባ የአገሬን ፊደል እንጂ ፊት ቀርጬ አላውቅም፤ ፊት የእናንተ የግሪኮቹ ድርሻ ነበር።

አዲሱን ንጉሥ ያየ ሰው ስላልነበረ የማውቀውን ፊት ቀረጽኩ። የተሰበረ አፍንጫህን፣ አገጭህን፣ ስትዋሽ ከፍ የምትለዋን ቅንድብህን ሳይቀር። የንግሥና ጥብጣብም አሰርኩልህ።

አለቃችን አጋቶን የቀረጽኩበትን የማተሚያ ብረት አገላብጦ «ይሄን ሰው የት ነው የማውቀው?» አለኝ። «ንጉሥዎን እንዴት አያውቁትም ጌታዬ?» ስለው፣ አላወቀም እንዳይባል ፈርቶ ወዲያው አጸደቀው።

ባለፈው ወር ንጉሡ ራሱ በዝሆን መጣ። አፍንጫው ሽንብራ ታክላለች። አጋቶን ሳንቲሙን ሲያቀርብለት እኔ በልቤ ኑዛዜዬን ጨርሼ ነበር። ንጉሡ ሳንቲሙን አገላብጦ አየና የራሱን አፍንጫ ዳሰስ አደረገ።

«እንዲህ ነው የምመስለው?»

«እንዲያውም ትንሽ አሳንሰነዋል፣ ግርማዊነትዎ» አለ አጋቶን።

ንጉሡ ደስ ብሎት በግዛቱ ሌላ ፊት እንዳይታተም አዘዘ።

እኔም ተረፍኩ። ብረቱ ግን በመዶሻ ብዛት አለቀና አዲስ ቅረጪ ተባልኩ። ከአንዱ ሳንቲም ላይ ገለበጥኩት፤ ቀላል ነበር። የደነገጥኩት ስጨርስ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ሳስብህ የሚመጣልኝ ሳንቲሙ ሆኗል። ሁልጊዜ ከጎን፣ ሁልጊዜ ወደ ሌላ ቦታ እያየህ። ሌላኛው ጉንጭህ ጠፍቶብኛል። ጠባሳ ነበረበት ወይስ እኔ ነኝ የጨመርኩት? ማተሚያ ቤቱን ሙሉ ብጠይቅ ማንም አያስታውስም፤ ሁሉም ሳንቲሙን ያሳየኛል።

ስለዚህ ለመንግሥት ሥራ ስትል ና። እኔ ናፍቀኸኛል አላልኩም፤ ሥራው ነው። በከተማው በር ላይ ወታደሮቹ ከሰገዱልህ አትከራከር፣ ዝም ብለህ እለፍ። እኔ ጋ ስትደርስ ግን ፊትህን ሙሉ ለሙሉ ወደኔ አዙር፤ አንዴ በደንብ ልየው።

ሱናንዳ
ታክሲላ፣ ከማተሚያ ቤቱ